ሱስ ሲቆም የሚመጣ ጭንቀት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩትም የምሠራውም ድሬዳዋ ነው። በሥራዬ በብዛት የሚያጋጥመኝ ሰው ብዙዎች እንደሚያስቡት አእምሮውን የሳተ አይደለም። ሲጋራውን ወይም ጫቱን ባቆመ በሦስተኛው ቀን «ልቤ ልትቆም ነው» ብሎ በእኩለ ሌሊት በባጃጅ የሚመጣ ሰው ነው። ዛሬ ማታ ጥያቄ የምቀበለው ስለዚሁ ጭንቀት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በየቀኑ መጠጥ የምትጠጡ ወይም የእንቅልፍ ክኒን የምትወስዱ ካላችሁ ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ ስለ መጠጥና ስለ ክኒን የሰጠሁትን መልስ አንብቡ። ሲጋራና ጫት በአንድ ቀን ቢቆሙ ያስጨንቃሉ፤ ማቆሙ ግን ሰው አይገድልም። የመጠጥና የክኒን ነገር ይለያል።

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፦ ሲስተር፣ ሲጋራ ካቆምኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ይህን እየጻፍኩ ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ አየር አጥሮኛል። 27 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ሆኜ ልቤን ተመርምሬ ጤነኛ ነህ ተብያለሁ። አንዲት ብቻ ላጭስ?

መልስ፦ አታጭስ ወንድሜ፤ ተቀመጥ። ጫማህን አውልቅና እግርህን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፍ። አሁን ሰዓትህን አይተህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፍ። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ምንም ባታደርግም ይወርዳል።

አየር ያጠረህ ይመስልሃል፤ እውነቱ ግን ከሚያስፈልግህ በላይ እየተነፈስክ ነው። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ በደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚዞረው ለዚህ ነው። ስለዚህ አጠገብህ ያለ ሰው «በኃይል ተንፍስ» ቢልህ አትስማው። በአፍንጫህ እስከ 4 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አስገባ፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እፍ ብለህ እንደምታበርድ ከንፈርህን አሹለህ እስከ 6 እየቆጠርክ አውጣ። ዋናው ማውጣቱ ነው። እወድቃለሁ ብለህም አትስጋ፤ በዚህ ሰዓት የደም ግፊት ከፍ ስለሚል ራስን ስቶ መውደቅ ብዙም አያጋጥምም። ሲያልፍልህ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፍልኝ።

ለሌሎቻችሁ፦ ይህን ያልኩት ልቡ ስለተመረመረ ነው። ደረታችሁን ሲያማችሁ የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ዕድሜያችሁ ከገፋ ወይም ስኳርና ደም ግፊት ካለባችሁ ትንፋሽ ስትቆጥሩ አትቆዩ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጥያቄ፣ ከከዚራ፦ ሲጋራ የማጨሰው ስለምጨነቅ ነው። ሴት በመሆኔም ተደብቄ ነው የማጨሰው። እሱን ካቆምኩ ጭንቀቴን በምን ልቻለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ የውሸት ነው አልልሽም። ከፊሉን የሚወልደው ግን ራሱ ሲጋራው ነው። ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ በደምሽ ያለው መጠን በግማሽ ይወርዳል። ሲወርድ ሰውነትሽ ይነጫነጫል፤ ስታጨሺ ይረጋጋል። አንቺም «ሲጋራው አረጋጋኝ» ትያለሽ። ሲጋራው ከፈለልኝ ብትይም የከፈለልሽ ራሱ ያስገባሽን ዕዳ ነው። ተደብቀሽ ማጨስሽ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይጨምርልሻል፤ ሽታው ታወቀብኝ ይሆን፣ ማን አየኝ እያልሽ ትውያለሽ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ 26 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ያቆሙ ሰዎች ካላቆሙት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። ይህ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚታይ አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ይከብዳሉ፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚመለሰው በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ሁሉም ቀን እንደዚያ የሚሆን መስሎት።

ጥያቄ፣ ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ፦ ሲጋራ ካቆምኩ አሥር ቀኔ ነው። በሲጋራው ፈንታ ቡና አብዝቻለሁ፤ በቀን ሰባት ስምንት ሲኒ እጠጣለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍም የለኝም። ሱሱ አልለቀቀኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላመጣህልኝ አመሰግንሃለሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የትምባሆ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ማጨስ ስታቆም ጉበት ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ካፌይኑም በሰውነትህ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ድሮ አራት ሲኒ ስትጠጣ የነበረው ያው አራት ሲኒ አሁን እንደ ስምንት ሊሆንብህ ይችላል። አንተ ደግሞ እጥፍ አድርገኸዋል። የሚያንቀጠቅጥህ የሐረር ቡና እንጂ የሲጋራው ሱስ ላይሆን ይችላል።

ቡናህን ቀድሞ ከነበረው በግማሽ ቀንስ። በአንድ ጊዜ አትተወው፤ ራስ ምታት ይጨመርብሃል። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናና በረካውን ለሌላው ተው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም አትጠጣ። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃም ካፌይን እንዳለበት አትርሳ።

ጥያቄ፣ ከመጋላ፦ ወንድሜ ለ8 ዓመት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ ኖሯል፤ ጠዋት ሳይቀምስ አይነሣም። አሁን ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ከነገ ጀምሮ ጠብታ አልነካም ብሏል። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎታል። እንዳይወጣ ቤት ዘግተንበት እንጠብቀው?

መልስ፦ ዘግታችሁበት አትጠብቁት። እባክህን ይህን መልስ ለእናትህም አንብብላት።

አልኮል አንጎልን ያፈዝዛል። አንጎልም ለዓመታት ይህን ለመቋቋም ራሱን በየቀኑ ይበልጥ እያነቃቃ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቀር የሚያፈዝዘው የለም፤ መነቃቃቱ ብቻ ይቀራል። ካቆመ ከ6 ሰዓት ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ማላብና ጭንቀት ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊያንፈራግጠው ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል።

ታላቅ ወንድሜ እንደ ወንድምህ ነበር። እናታችን አልቅሳ ለመነችውና አንድ ሰኞ ጠዋት አቆመ። ማታ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ከንፈሩ ሳይደርስ ደረቱ ላይ ደፋው። ማክሰኞ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ አላበው፤ የድሬ ሙቀት ነው አልን። ረቡዕ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይወጣል እያለ በመዳፉ ይጠርግ ጀመር። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድም እንዳያመልጠው በጥንቃቄ። ግድግዳው ባዶ ነበር። ጎረቤት ርኩስ መንፈስ ነው አለን። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩና ዝም አልኩ። ማታ እናታችንን «አንቺ ማነሽ?» ሲላት ነው ተሸክመን ሐኪም ቤት የወሰድነው። ተረፈ። ዛሬም አይጠጣም። እነዚያን ሦስት ቀናት ዝም ማለቴን ግን እስከ አሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ስለቱን አታፍርሱበት፤ መንገዱን ግን በሐኪም በኩል አድርጉት። ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት የሚያረጋጋ መድኃኒት በልክ እየሰጠ ይቀንስለታል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ስለሚያንሰው አንጎሉ ይጎዳል። ሐኪም እስኪያየው ድረስ በድንገት አያቁም። ይህን መናገር ለእኔም ይከብደኛል፤ ትክክሉ ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፣ ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ ጫት ካቆምኩ አምስት ቀኔ ነው። ቀን ቀን እንቅልፍ ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ዱካክ አላስተኛ አለኝ፤ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፣ ልጮህ ስል ድምፄ አይወጣም።

መልስ፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይበላሻል፤ ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚወጡት መኪናዎች እንደዚያ የሚከንፉት ለዚህ ነው። አንተ ለዓመታት ስትነጥቀው የኖርከውን እንቅልፍ ሰውነትህ አሁን እያስመለሰ ነው። በተለይ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በብዛትና በኃይል ይመለሳል። ደረትህ ላይ የተቀመጠ የሚመስልህ አእምሮህ ሰውነትህን ቀድሞት ሲነቃ ነው፤ ሰው በሕልሙ ተነሥቶ እንዳይሮጥ ጡንቻው ተኝቶ ይቆያል። ለመጮህ አትታገል፤ አንድ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክር። በጀርባህ ሳይሆን በጎንህ ተኛ። ቀን ቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ተኛና ሌላውን ለሌሊት ተወው።

የበርጫ ሰዓትህ ደግሞ ባዶ እንዳይሆን። ሀራራ ሰዓት ያውቃል፤ ከምሳ በኋላ ጓደኞችህ ፍራሽ ላይ በሚቀመጡበት ሰዓት ይመጣል። አንድ ታካሚዬ በዚያ ሰዓት በየቀኑ ከሸዋ በር ጀምሮ የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን ይዞር ነበር። ግንቡ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዞሮ ሲመለስ ሰዓቱ አልፎ ይጠብቀዋል። መፍዘዙ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀህ፣ ሰው ይከታተለኛል የሚል ስሜት ወይም ድምፅ መስማት ካለ ግን ሐኪም ይይህ።

ከሳቢያኑ ወንድማችን፦ ሲስተር፣ 14 ደቂቃ ፈጀ። አላጨስኩም። ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ጣቶቼ ግን ተመልሰዋል።

መልስ፦ «14 ደቂቃ» የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ውስጥ ክተት። ነገም ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ አውጥተህ ታየዋለህ። አሁን ውሃ ጠጣ፣ ፊትህን ታጠብ።

ጥያቄ፣ ከገንደ ቆሬ፦ ጫቱን ትቼ ጨብሲውን ብቻ ብቀጥልስ?

መልስ፦ ጨብሲ የምርቃና መስበሪያ መጠጥ ነው። ምርቃና ከሌለ ምን ትሰብርበታለህ? የጫቱን ጭንቀት በመጠጥ ያለፈ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ በዓመቱ ወደ እኛ የሚመጣው ከላይ ስለ አረቄ በጻፍኩት በከባዱ መንገድ ነው።

ጥያቄ፣ ባጃጅ ነጂ፦ ጭንቀቱ ሲብስብኝ ጓደኛዬ ትራማዶል ሰጠኝ፤ ሌላው ደግሞ ዲያዜፓም። ሁለቱም ያረጋጋሉ። ችግር አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ከባድ ችግር። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በብዛት ሲወሰድ ሰው ያንፈራግጣል፣ ሲቆም ደግሞ ራሱ ድንገተኛውን ፍርሃት ያመጣል። ዲያዜፓም በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ለሳምንታት ከተወሰደ ሱስ ይሆናል፣ እንደ መጠጡም በድንገት አይቆምም። ሁለቱ አንድ ላይ፣ በተለይ ከመጠጥ ጋር፣ ትንፋሽ ያቆማሉ። ስንት ጊዜ እንደወሰድክ ሳታፍር ለሐኪም ንገረው። እስከዚያ ግን ባጃጅ አትንዳ፤ ከኋላህ የሰው ልጅ ተቀምጧል።

ጥያቄ፦ ሺሻ በውሃ ስለሚጣራ ከሲጋራ ይሻላል ይባላል።

መልስ፦ አይሻልም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያነጻውም፤ ኒኮቲኑም የከሰሉ ጋዝም ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ሱስ ትቶ የሚጨነቅ ሰው ቤታችን አለ። እናቴ ጸበል ውሰዱት፣ የባለቤቴ ቤተሰብ ደግሞ ቁርኣን ይቀራበት ይላሉ። እርስዎ ሐኪም ቤት ይላሉ።

መልስ፦ ሁሉንም አድርጉ። ጸሎት ለተጨነቀ ሰው ብርታት እንደሚሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን አታስጥሉት፣ በገመድም አትሰሩት።

ጥያቄ፣ ከአዲስ ከተማ፦ ልጄ፣ 63 ዓመቴ ነው። ለ40 ዓመት አጭሼ ከሦስት ሳምንት በፊት ተውኩ። ቀን ደህና ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ሞት ፊቴ ቆሞ ይቀሰቅሰኛል። ለባለቤቴ እንዳልነግራት አፍራለሁ፤ በረንዳ ላይ ወጥቼ ብቻዬን እስኪነጋ እቀመጣለሁ።

መልስ፦ አባባ፣ 40 ዓመት አጭሰው ሦስት ሳምንት መቆየትዎ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊት የሚመጣብዎ ፍርሃት ከሲጋራው መራቅ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በዕድሜዎ ግን በግምት አላልፈውም። በዚህ ሳምንት ደም ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ፣ የልብ ምርመራም ያድርጉ። ደረትዎን ካመመዎ ደግሞ ያኔውኑ ሰው ቀስቅሰው ይሂዱ።

ለባለቤትዎ ዛሬ ከመተኛትዎ በፊት ይንገሯት። 40 ዓመት ጭሱን አብራ የተነፈሰች ሴት ከአልጋ መነሣትዎን ሳታውቅ የቀረች አይመስለኝም። ምን ማለት እንዳለብዎ ካስቸገረዎ «ሌሊት ስነሣ አብረሽኝ ውጪ» ብቻ ይበሏት። በረንዳው ላይ ሁለተኛ ወንበር ያውጡ።