በቱቦላሬ አትጀምር፦ ፍኖተ ሰላም ላለው ወንድሜ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። «ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት፤ 15 ሺህ ብርና 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አለኝ፤ ቤቴ ውስጥ ለበረራ ሲሙሌተር የሚሆን ኮክፒት መሥራት እፈልጋለሁ፤ ስክሪን ልግዛ ወይስ ፍሬሙን ላስበይድ?» ነው ያልከው። የመለሱልህንም አነበብኩ። አንዱ «ትልቅ ቲቪ ግዛ» ብሎሃል። ሌላው «ዝም ብለህ ከውጭ አስመጣ» ብሎሃል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ሁለቱም ገንዘቤን በልተውታል። ለዚህ ነው ሥራዬን አቁሜ ልጽፍልህ የተቀመጥኩት።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ የምሠራው ፎቶ ኮፒና ኅትመት ቤት ነው። አብራሪ አይደለሁም። ዛሬ ግን ቤቴ ውስጥ የሴስና 172 ኮክፒት አለኝ፤ የትንሽ አውሮፕላን የአብራሪ ክፍል ማለት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ በረራ የምለማመድበት። መሪው ይዞራል፣ ይገፋል፣ ይሳባል። ፔዳሉ ይሠራል። ሁሉንም በእጄ ነው የሠራሁት። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። የማያስፈልገውን ባላደርግ ሦስት ወር ይበቃው ነበር። አንተም እንደኔ ተከራይተህ አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖር ይመስለኛል፤ በዚያ ልክ ልንገርህ።

1. ፍሬም እንዳታስበይድ። ቢያንስ አሁን አይደለም። እኔ የጀመርኩት በእሱ ነው። ቱቦላሬ ገዝቼ በያጅ ጋ ወሰድኩ። ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ የሾፌር ወንበር ጋራዥ አግኝቼ ጫንኩበት። ፊቱ ላይ 32 ኢንች ቲቪ አቆምኩ። ሲያዩት ያምራል። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየልኝ። ልጆች ተራ ይዘው ተቀመጡበት። እናቴ ቡና ይዛ መጥታ መረቀችኝ። ግን እጄ የሚይዘው ነገር አልነበረም። 11 ሺህ ብር ወጥቶ አውሮፕላኑን የማበርረው በኪቦርድ ነበር። ኪሴ ሲራቆት ደግሞ ዋናው ነገር ላይ መቆጠብ ጀመርኩ። መከራዬ የመጣው ከዚያ ነው።

2. ዋናው ነገር ፖታንሽዮሜትር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። መሪውን ስታዞር አብሮ ይዞርና ምን ያህል እንደዞርክ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። የድሮ ቴፕ ድምፅ መጨመሪያ፣ ቮልዩም የምንለው፣ እሱው ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። የአባቴ የተበላሸ ቴፕ ቤት ውስጥ ነበር፤ ፈታሁት። ከጓደኞቼም ለምኜ አራት ቮልዩም በነጻ ሰበሰብኩ። በሊድ በየድኩና ገጠምኩ። ሲሙሌተሩ ላይ ከባሕር ዳር ተነሳሁ።

መሪውን ወደ ግራ ሳዞረው አውሮፕላኑ ይለግማል። ወደ ቀኝ ሳዞረው ይበረግጋል። አንዱ በሬ ለጋሚ፣ ሌላው በርጋጊ የሆነበት ጥማድ በለው። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሬ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ወደ ቀኝ ገና ስነካው ተገልብጦ ጣና ውስጥ ይገባል። ሶፍትዌሩን ጠረጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ላፕቶፑን ጠረጠርኩ። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና በየድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ይኸው ነበር ሥራዬ። ፍሬሙን ሸጬ ልገላገል ሁሉ አስቤ ነበር።

በመጨረሻ አንዱን ቮልዩም ነቅዬ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን ሰውዬ ጋ ሄድኩ። የነገርኩትን ሰማና ቴስተሩን አነሳ። ቮልዩሙን ልክ መሃል ላይ አቆመው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ መሃለኛው እግር ላይ፣ ሌላውን አንድ ዳር ላይ ነካ። 7 ኪሎ ኦም፤ ዕቃው ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ ነው። ወደ ሌላኛው ዳር ቀየረው። 43።

«ይሄ እኮ ለጆሮ የተሠራ ነው» አለኝ። «የሰው ጆሮ የድምፅን ጭማሪ በእኩል አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በቀስታ፣ መጨረሻ ላይ በፍጥነት እንዲጨምር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ላንተ የሚሆንህ እኩል የሚጨምረው ነው።»

ከመሳቢያው አንድ ሌላ አወጣ። 10 ኪሎ ኦም፣ እላዩ ላይ «ቢ» የሚል ፊደል ያለው። መሃል ላይ ለካው። 5 እና 5። ዋጋው ያኔ 80 ብር ነበር። ሁለት ወር የፈጀሁት 80 ብር ላትርፍ ብዬ ነበር።

አሁን ገበያ ላይ ካሉት አብዛኞቹ «ኤ» የተጻፈበት የድምፅ ነው፣ «ቢ» የተጻፈበት ደግሞ እኩል የሚጨምረው። ፊደሉን ብቻ ግን አትመን፤ በድሮ ዕቃ ላይ የተለየ ሊሆን ይችላል። ቴስተር ተዋስና መሃሉን ለካ። ሁለቱ ወገን ከተቀራረበ ግዛው። ካልተቀራረበ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ።

3. ቦርዱ። ይህንንም ተቃጥዬበታለሁ። ከቮልዩሙ ቁጥሩን አንብቦ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ያስፈልግሃል። ግን ሁሉም አርዱዊኖ አይሆንም። ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ በል፤ ኤቲሜጋ32ዩ4 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው። እነዚህ የጆይስቲክ ፕሮግራም ከተጫነባቸው ዩኤስቢ ላይ ሲሰኩ ራሳቸውን «ጆይስቲክ ነኝ»፣ የጨዋታ መሪ ነኝ፣ ብለው ለኮምፒውተሩ ያስተዋውቃሉ። የተለመደው ኡኖ (አር3) በቀጥታ ይህን አያደርግም። እኔ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁና የምፈልገውን አስረዳሁ። ሻጩ ሳያዳምጠኝ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ኡኖ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ኮምፒውተሩ ጆይስቲክ አያይም። በሳምንቱ 300 ኪሎ ሜትር ተመልሼ ሄድኩ። ሰውዬው ቃል እንኳ አልተነፈሰም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

በንዴት «እንግዲያው ከውጭ አስመጣለሁ» አልኩ። ዘመድ ተለመነ። አንድ ፕሮ ማይክሮ፣ አሥር ማብሪያ ማጥፊያዎችና አንድ የተዘጋጀ የነዳጅ መስጫ እጀታ ያለበት ካርቶን ላከልኝ። ካርቶኑ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቆመ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ እጀታውን አገላብጦ አየና፦

«የድሮን ነው?»

«አይደለም ጌታዬ፤ የኮምፒውተር ነው። ቁጭ ብዬ በረራ የምለማመድበት።»

«የድርጅት ደብዳቤ አምጣ።»

«ድርጅት የለኝም። ለቤቴ ነው።»

«ለቤትህ ከሆነ ምን ያደርግልሃል?»

ይህችን ቃል አልረሳትም። አንድ ሰው ደሞዙን አጠራቅሞ፣ ማንንም ሳይጎዳ አንድ ነገር ልማር ሲል እንዲህ ይባላል? ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሁለተኛው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ በሦስተኛው ቀን «ፋይልህ ሌላ ክፍል ነው»። የአውቶቡሱና የአልጋው ወጪ ከዕቃው ዋጋ በለጠ። እዚያው ትቼው መጣሁ። ሊዮናርዶውን በኋላ ሌላ ሱቅ አገኘሁት፤ 1,900 ብር። ባለ ሱቁ እዚያው ሰክቶ አሳየኝ። አንተም ሳይሰካልህ አትክፈል። ከውጭ ማስመጣቱን ደግሞ እርሳው።

ከዚህ በኋላ ያለው እጅ ሥራ ነው፤ አገራችን ውስጥ ሁሉም አለ። መሪውን የሠሩልኝ ጎረቤቴ ያሉ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ሞፈርና ቀንበር ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የአውሮፕላኑ መሪ በእንግሊዝኛ «ዮክ» እንደሚባል፣ ትርጉሙም ቀንበር እንደሆነ ስነግራቸው ሥዕሉን ተቀብለው ብዙ አዩት። «ይሄስ አንገት ላይ የሚውል አይደለም፤ እጅ ላይ ነው የሚውለው» አሉና ከዋንዛ ጠረቡልኝ። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ሲጠረብ አይሰነጠቅም፣ እጅ ላይ ይሞቃል። ጣቴ የሚያርፍበትን ቦታ እጄን አስይዘው እየለኩ ነው የጎደጎዱት። ፕላስቲክ መሪ ከሱቅ የገዛ ሰው ይህን አያገኝም።

መሪው ወደፊትና ወደኋላ እንዲሄድ የመሳቢያ ሐዲድ ተጠቀም፤ የቢሮ ጠረጴዛ መሳቢያ የሚንሸራተትበትን ማለቴ ነው። ጥንድ ግዛ። እኔ መጀመሪያ የብረት ቱቦ በቱቦ ውስጥ አስገባሁና ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐዲዱ ግን ቅቤ ነው። ወደ መሃል እንዲመልሰው ሞላ አትፈልግ። ከጎሚስታ ያረጀ ካላማዳሪ ለምነህ በቀጭኑ ቁረጥና በሁለት ወገን እኩል ወጥረህ እሰረው። ፔዳሉ አንድ አግዳሚ እንጨት ነው፤ መሃሉ ላይ ኩሽኔታና ቡሎን። ቀኙን ስትረግጥ ግራው ይመጣል። የቮልዩሙ ጆሮ ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዙር። ቮልዩሙ ወደ 300 ዲግሪ ይዞራል፤ መሪህ ግን 180 ቢዞር ነው። አትጨነቅ፤ ቦርዱ የቮልዩሙን ሙሉ ዙር 1024 እርከን አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ከዚያ 600 ያህሉን ታገኛለህ። ለእጅ ይበቃል።

የመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ግን እኮራለሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ። ኮምፔንሳቶ ላይ ስድስት ክብ ቀዳዳ አስቆረጥኩ። የእውነተኛው መሣሪያ ቀዳዳ 3⅛ ኢንች ነው፤ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከኋላው ከቢሮ የተጣለ አራት ማዕዘን 17 ኢንች ሞኒተር አቆምኩ። ፍጥነት፣ ከፍታ፣ አድማስ፣ ሁሉም በየቀዳዳው ይታያል። ጽሑፉን በስቲከር አትሜ ለጠፍኩት። ማታ መብራት አጥፍቼ ሳየው እውነተኛ ይመስላል። አንተ ሞኒተር ካጣህ አሮጌ ስልክ ይበቃሃል፤ ቀጥዬ የምነግርህ የበረራ ፕሮግራም መሣሪያዎቹን በስልክ ብራውዘር ላይ ማሳየት ይችላል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፍላይትጊር የሚባለውን የበረራ ሲሙሌተር ጫን። ነጻ ነው፣ ሴስና 172 አብሮት ይመጣል፣ ግራፊክሱን ዝቅ ካደረግከው ላፕቶፕህ ይችለዋል። የማይክሮሶፍቱ ያምራል፤ ግን ላፕቶፕህ ላይ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፣ ምድሩንም እየበረርክ ከኢንተርኔት ነው የሚስበው። ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ እኔ የምበርረው ቀድሜ ባወረድኩት ምድር ነበር። ኢንተርኔት ስታገኝ ዛሬውኑ አውርድ። ፍላይትጊር ዓለምን በአሥር በአሥር ዲግሪ ነው የሚከፋፍላት። ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ያንተም ፍኖተ ሰላም ከሰሜን 10 እስከ 20፣ ከምሥራቅ 30 እስከ 40 ባለው ቁራጭ ውስጥ ናቸው። እኔ እሱን ብቻ አውርጄ ከባሕር ዳር ወደ ቦሌ ተነሳሁ። ደጀንን አለፍኩ፤ ቁልቁል የአባይን ገደል አየሁ። አባይን እንደተሻገርኩ ምድሩ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ሰማያዊ ባሕር ሆነ። ፕሮግራሙ ያልወረደ ምድር ላይ ባሕር ነው የሚሞላው። ቦሌ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሆነ ከሥሩ ያለውንም ቁራጭ ማውረድ ነበረብኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አንዳንዶች «ነዳጅ መስጫውን ብቻ ሥራ፣ ቀዩን እጀታ ተወው» ይሉሃል። አትስማቸው። ሴስናው ላይ ጥቁሩ ነዳጅ መስጫ ነው፤ ቀዩ የነዳጁንና የአየሩን መጠን ማመጣጠኛ ነው። እነሱ ባሕር ጠረፍ አጠገብ የሚበርሩ ሰዎች የጻፉትን አንብበው ነው። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ወደ 6,000 ጫማ ነው። አየሩ ሳስ ያለ ነው። የአውሮፕላኑ መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ ቀዩን ሳብ አድርገህ ነዳጁን ቀንስ ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሙሉውን ገፍቼ እነሳ ነበር፤ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ሜዳውን ጨርሼ ገና እየተንፏቀቅሁ ነኝ። ቀዩን እጀታ ከብስክሌት ጎማ መንፊያ ዘንግ ሠራሁት። ሞተሩን ሙሉ አስነስቼ ቀስ እያልኩ ስስበው የዙሩ ቁጥር ሲጨምር አየሁ። ድምፁ ጠራ። እኛ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ እጀታ ትርፍ አይደለም።

በ15 ሺህህ እንዲህ አድርግ። ሊዮናርዶ አንድ፤ 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም ስድስት፣ አንዱ መለዋወጫ ነው፤ የመሳቢያ ሐዲድ ጥንድ፤ ኩሽኔታ ሁለት፤ ዋንዛና የአናጢ ዋጋ፤ አንድ ደህና ዲቫይደር። እኔ በገዛሁበት ዋጋ ከሆነ የ15 ሺህህ ግማሹ እንኳ አያልቅብህም። የቀረውን አስቀምጥ፤ ስክሪኑም ፍሬሙም ይደርሳሉ። ለጊዜው ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ፣ አንተን በርጩማ ላይ። መብራት ሲሄድም ላፕቶፑ አይጠፋብህም።

መሪውን ገጥመህ ስትጨርስ ምንም ሳትነካው መሃል ላይ ስንት እንደሚያነብ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ። 512 አካባቢ ከሆነ ወደ ፔዳሉ እለፍ። 140፣ 150 ካለህ ሶፍትዌሩን አትንካ፤ ቮልዩሙን ንቀልና ጻፍልኝ፤ ቀሪውን አብረን እናየዋለን።