ልብ የገዛ ፓምፑን የሚይዝ ፍሬን ለምን ያስቀምጣል?

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ነው የጠየቅከው። ፎስፎላምባን የምትባለው ፕሮቲን የልብ ሴል ውስጥ ያለውን የካልሲየም ፓምፕ የምታፍን ከሆነ ልብ ለምን ይዟት ይኖራል? ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄል ላይስ ለምን ሁለት ቦታ ትታያለች? ከዚህች ፕሮቲን ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ዓመታት ስለተጨቃጨቅኩ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ «ታፍናለች» የሚለውን እናስተካክለው። ፓምፑ፣ ማለትም ሰርካ፣ የተተከለው በልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ ባለው የካልሲየም ጎተራ ሽፋን ላይ ነው። አንድ ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ሞለኪውል) በልቶ ሁለት ካልሲየም ወደ ጎተራው ይመልሳል። ካልሲየሙ ሲወጣ ልብ ይኮማተራል፣ ሲመለስ ይላላል። ፎስፎላምባን 52 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ሚጢጢ ናት። ሰርካ ጎን ትለጠፍና ካልሲየም ሲያንስ ፓምፑን ታዘገየዋለች። ካልሲየም ሲበዛ ግን ጉልበቷ ያልቃል። ማጥፊያ ቁልፍ አይደለችም፤ በስሱ የተረገጠ ፍሬን በላት።

ስትደነግጥ አድሬናሊን ይለቀቃል። ሴሉ ውስጥ ፒኬኤ የሚባለው ኢንዛይም ይነቃና 16ኛው አሚኖ አሲዷ ላይ ፎስፌት ይለጥፍባታል። ፍሬኑ ተለቀቀ ማለት ነው። ካልሲየሙ ቶሎ ይሰበሰባል፣ ልብ ቶሎ ይላላል፣ ለቀጣዩ ምት ጎተራው ሞልቶ ይጠብቃል። ስሟም በግሪክኛ «ፎስፌት ተቀባይ» ማለት ነው። ያወጡላት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ አርኖልድ ካትዝ ናቸው።

«ብትጠፋስ?» ትለኝ ይሆናል። በ1994 ፎስፎላምባን የሌላቸው አይጦች ተሠርተው ልባቸው እንደውም በርትቶ ተገኘ። መድኃኒት ተገኘ ያሰኛል፣ አይደል? በ2003 ግን ፕሮቲኗን ከመሃል የሚቆርጥ ጉድለት ያለበት ቤተሰብ ተገኘ። ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱት ልባቸው ሰፍቶ ደከመ። እኔ እንደሚገባኝ፣ የአይጥ ልብ በደቂቃ ከ500 በላይ ስለሚመታ ሁልጊዜም ጣሪያው ጋ ነው። የእኛ ግን 70 አካባቢ እየመታ ለክፉ ቀን የሚሆን አቅም ይቆጥባል። ቁጠባው ደግሞ ያው ፍሬኑ ነው።

ወደ ጄሉ ልምጣ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ 6 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ስጠብቃት 25 አካባቢ ወፍራም መስመር ሆና ወጣች። ፕሮቲኗን ለይቶ የሚያሳየው አንቲቦዲ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አስገዛሁ። ያው! ሁለት ሳምንት እንዲሁ ባከነ። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ጄሉን አየት አድርጎ «ናሙናውን ቀቅለኸዋል?» አለኝ። አልቀቀልኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ፎስፎላምባኖች ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፤ ናሙናው ላይ የሚጨመረው ሳሙና እንኳ አያላቅቃቸውም፣ መቀቀል ግን ያላቅቃቸዋል። ፓምፑን በዋናነት የምትይዘው ነጠላዋ ናት፣ አምስቱ ሲተቃቀፉ እንደ መጠባበቂያ ናቸው። ስለዚህ ናሙናህን ለሁለት ክፈለውና አንዱን ብቻ ለአምስት ደቂቃ ቀቅል። ጎን ለጎን ጫናቸው። የላይኛው መስመር በተቀቀለው በኩል ወደ ታች ከወረደ፣ እሷው ናት።