መልስ፦ ሌዘሩ ጠፍቶም ሜትሩ ለምን ያነባል?

ሌዘሩ በርቶ ፓወር ሜትሩ (የብርሃን ኃይል መለኪያው) −20 ዲቢኤም፣ ጠፍቶ ደግሞ −23 ካነበበ ትክክለኛው የሲግናል ኃይል ስንት ነው ላልከው።

ዲቢኤም ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር በሎጋሪዝም የሚያነጻጽር መለኪያ ስለሆነ ቁጥሮቹን እርስ በርስ እንዳትቀንስ። መጀመሪያ ወደ ማይክሮዋት ቀይራቸው። −20 ዲቢኤም 10 ማይክሮዋት ነው፣ −23 ደግሞ 5 ገደማ። ልዩነቱ 5 ነው። ስለዚህ ሲግናልህ ራሱ −23 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ካነበብከው ግማሹ ኖይዝ (ከሲግናሉ ያልመጣ ጭማሪ) ነበር ማለት ነው።

ይህ የሚያስኬደው ግን ኖይዙ ሌዘሩ በራም ጠፋም የማይለወጥ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ ከክፍሉ መብራት ሾልኮ የሚገባ ብርሃን። መስመሩ ላይ ኦፕቲካል አምፕሊፋየር (ብርሃኑን የሚያጎላ መሣሪያ) ካለ በጣም ተጠንቀቅ። ሲግናሉን ስታጠፋበት ጉልበቱን ወደ ኖይዝ ያዞረዋል፤ ጠፍቶ የምትለካው ኖይዝ በርቶ ካለው ይበልጣል። ያኔ የሚያዋጣህ ኃይሉን በየሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚያሳየው ስፔክትረም አናላይዘር ነው። ሌዘሩን ሳታጠፋ ከሲግናሉ ግራና ቀኝ ያለውን የኖይዝ ከፍታ አንብብ፣ አማካዩን ውሰድና ቀንስ፤ እዚህም በዋት። የመሣሪያው ሪዞሉሽን (በአንዴ የሚለካው የሞገድ ርዝመት ስፋት) ከሲግናሉ ስፋት እንዳይጠብ፤ ከጠበበ አሳንሶ ያነብልሃል።

አቬሬጅ ማብዛት (ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መውሰድ) የሚዋዥቀውን ቁጥር ያረጋጋል እንጂ የሜትሩን የራሱን ቋሚ ጭማሪ አያነሳም። ለእሱ ከመለካትህ በፊት የሜትሩን ክዳን ገጥመህ ዜሮ አድርገው።