ሶዲየምም ፖታሲየምም ፖዘቲቭ ሆነው የነርቭ ሴል ውስጡ ለምን ኔጌቲቭ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጅማ ነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሶዲየምም ፖታሲየምም ፖዘቲቭ ናቸው። ታዲያ የነርቭ ሴል ውስጡ እንዴት -70 ሚሊቮልት ይሆናል? የሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ፓምፕ 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም ስለሚያስገባ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፓምፑ በቀጥታ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ትልቁ ሥራው ልዩነቱን መፍጠር ነው፤ ፖታሲየም ውስጥ ወደ 140 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ ነው)፣ ውጭ 4 ወይም 5 እንዲሆን ያደርጋል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሴሉ ሲያርፍ ክፍት የሆኑት ቻናሎች (የሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ መተላለፊያዎች) በብዛት ፖታሲየም የሚያሳልፉ ናቸው፤ ስለዚህ ፖታሲየም ከበዛበት ወደሚያንስበት ሾልኮ ይወጣል፣ ፖዘቲቭ ቻርጁንም ይዞ ይሄዳል፣ ኔጌቲቮቹ ፕሮቲኖች ግን ሊከተሉት ስለማይችሉ ውስጡ ኔጌቲቭ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ኔጌቲቭነት ደግሞ ፖታሲየሙን መልሶ ይስበዋል። መውጣቱና መሳቡ የሚመጣጠኑት -90 አካባቢ ነው። ትንሽ ሶዲየም ሾልኮ ስለሚገባ ግን -70 ላይ ይረጋል።

ዋርድ ስትገቢ ይሄ ነገር በጣም ይጠቅምሻል። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በፍጥነት በደም ሥር የማይሰጠው ለዚሁ ነው፤ ከልብ ሴሎች ውጭ ያለው ፖታሲየም ከበዛ የሚወጣው ይቀንሳል፣ ኔጌቲቭነቱ ይላላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ልብ ሊቆምም ይችላል።