በወንድሜ ድምፅ ሐሰተኛ ንግግር ተሰራጨ፤ ለማን አቤት ልበል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ሕርማታ ገበያ ቡና እነግዳለሁ። ወንድሜ ለምርጫ እጩ ሆኖ ቀርቧል። በቴሌግራም በሚዘዋወር የድምፅ ቅጂ ላይ በአፋን ኦሮሞ «ካሸነፍኩ የሕርማታን ሱቆች አስፈርሳለሁ» ሲል ይሰማል። ትንፋሹ ሳይቀር የእሱ ነው፤ እሱ ግን ፈጽሞ አላልኩም ይላል። ደንበኞቼ እየሸሹኝ ነው። በኮምፒውተር የተቀነባበረ ከሆነ ሕግ ምን ይለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጅማ በጥብቅና ስለምሠራ የሕርማታ ወሬ ከችሎት ቀጠሮ ምን ያህል እንደሚቀድም አውቃለሁ። አስቀድመው ግን ወንድምዎን ለብቻው ይጠይቁት። ዛሬ በእውነት የተናገረውንም «ማሽን የሠራው ነው» ብሎ የሚክድ ፖለቲከኛ ስላለ ድምፁን በማሰራጨት የሚከሰስ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠቅሰው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ያሰራጨ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ነገር ግን አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ሁከት፣ ረብሻ ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነውን ነው። በእርስዎ ገበያ ድንጋይ የወረወረ የለም፤ መራጭ ግን ዝም ብሎ ሄደ። ሳይጮኽ የሚሰረቅ የመራጭ ልብ በዚህ ትርጉም ውስጥ አለመግባቱ በግልጽ ላወግዘው የምፈልገው ጉድለት ነው።

የተሻለው መንገድ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 13 የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍን፣ ቪዲዮንና ድምፅን በኮምፒውተር ሥርዓት ማሰራጨትን ይቀጣል፤ ሁከትን እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠይቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ግን የሚጠብቀው የሰውን ምስል ነው፤ ድምፅን በስም አያነሳም። በዚያ ዘመን የሰውን ድምፅ መኮረጅ ለማን ይታሰበው ነበር?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2023 በስሎቫኪያ አንድ የተቃዋሚ መሪ ምርጫ ስለ ማጭበርበር ሲመክር የሚያሰማ ሐሰተኛ ድምፅ የወጣው ከድምፅ መስጫው ሁለት ቀን በፊት፣ ቅስቀሳ በተከለከለበት ጊዜ ነበር። እኛም ዘንድ ከምርጫው ዕለት በፊት ያሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ አይካሄድባቸውም። ሐሰቱ በዚያ መካከል ቢወጣ እጩው የት ቆሞ ያስተባብላል? ደቡብ ኮሪያ ምርጫው 90 ቀን ሲቀረው ለቅስቀሳ የተቀነባበረ እንዲህ ያለ ምስልና ድምፅ ከልክላለች። ምክር ቤታችን ይህን ቢያጤነው እመኛለሁ።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ፋይል ከቴሌግራም ላይ እንዳለ ያስቀምጡ፤ በሌላ ስልክ መልሶ መቅዳት ማስረጃውን ያዳክማል። የቻናሉን ስም፣ ሊንኩንና የተለቀቀበትን ሰዓት ይመዝግቡ። «ውሸት ነው» ብለው እንኳ ለሌላ ሰው አያስተላልፉት። ለምርጫ ቦርድ በምርጫ ክልል ደረጃ ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ለፖሊስ ደግሞ ወንድምዎ ራሱ ይሂድ። በአንቀጽ 13 የስም ማጥፋት ክስ የሚነሳው በተበዳዩ አቤቱታ ስለሆነ የእርስዎ ፊርማ የእሱን አይተካም።