«ማንም ያስበዋል» ቢሉኝስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ለቡና ማድረቂያ ማሽን መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ፤ ሲበራ ፕሮግራሙን ከፍላሽ ሜሞሪ (ኃይል ሲጠፋም ከሚይዘው) ወደ ራም (ወደ ፈጣኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ይገለብጣል። (ማራገቢያው ሲነሣ ቮልቴጅ ስለሚወርድ፣ እስኪረጋጋ ጠብቆ ነው የሚገለብጠው።) አንድ ወዳጄ «ይህን ማንም ያስበዋል፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይከለክሉሃል» አለኝ። ቢከለክሉኝ ይግባኝ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ወዳጅዎ በዋናው ነገር ልክ ናቸው። ፕሮግራምን ከዘገምተኛ ሜሞሪ ወደ ፈጣኑ መገልበጥ የቆየ ሥራ ነው፤ በአውሮፓውያን 1980ዎቹ መጨረሻ የነበሩ የግል ኮምፒውተሮች እንኳ የመነሻ ፕሮግራማቸውን ሮም ከሚባለው ቋሚ ሜሞሪ ወደ ራም ይገለብጡ ነበር። ቡናን ከጆንያ ወደ ጆንያ በመገልበጥ የቡናው ፈጣሪ መሆን አይቻልም።

እኔን የያዘኝ ግን በቅንፍ የደበቋት ዓረፍተ ነገር ናት። ምነው ከፊት አላስቀመጧትም?

አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራው አዲስ፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ፣ በኢንዱስትሪም የሚሠራበት እንዲሆን ይጠይቃል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ብቻውን ግን በፓተንት አይጠብቅም። ስለዚህ የሚያመለክቱት ስለ ኮዱ ሳይሆን ማራገቢያው ተነሥቶ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ስለሚቆየው መሣሪያ ይሁን።

ይግባኝ ላይ «መገልበጡንና ቮልቴጅ እስኪረጋጋ መቆየቱን አገጣጥሙ የሚል ጽሑፍ የለም» ማለት ብቻውን አያድንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓውያን 2007 በመኪና ፔዳልና በኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ክርክር ላይ፣ ተራው ባለሙያም የታወቁ ነገሮችን ራሱ ሊያገጣጥም እንደሚችል ወስኗል። ውሳኔው እኛን አያስገድድም፤ አስተሳሰቡ ግን በየትኛውም የፓተንት መርማሪ ፊት ይገጥምዎታል። በሌላ በኩል መርማሪውም ባለሙያው ለምን እንደሚያገጣጥማቸው ምክንያት መስጠት አለበት። መልሱን ካዩ በኋላ «ቀላል ነበር» ማለትማ ለማንም አይከብድም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ወደ ይግባኝ የሚያደርሰውን መንገድ አልጀምረውም። ያው አዋጅ ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ አዲስነትና ተግባራዊነት ይበቃዋል። ለ5 ዓመት ይጸናል፣ ለተጨማሪ 5 ዓመትም ይታደሳል። ከፓተንቱ 15 ዓመት ያንሳል፤ ለዚህ መሣሪያ ግን አያንስም።

የትኛውንም ቢመርጡ ማራገቢያው ሲነሣ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ሳይጠብቁ ሲገለብጡ ኮዱ ስንት ጊዜ እንደሚበላሽ ለክተው በማመልከቻው ውስጥ ያስፍሩ። በመጀመሪያው ማመልከቻ ያልተገለጸን ነገር በኋላ ማስገባት አይፈቀድም።