ኢሴንሻል ኦይል በትንሽ እቃ ስለማውጣት፣ ጠይቁኝ

መላሽ፦ እሺ፣ ከጠጅ ሳር፣ ከሮዝመሪ፣ ከናና፣ ከባህር ዛፍ ቅጠል መዓዛ ያለውን ዘይት (ኢሴንሻል ኦይል) በውሃ እንፋሎት ስለማውጣት የምትፈልጉትን ጠይቁ። የገበያ ጥያቄ አልመልስም። ከሁሉም በፊት ግን፣ የእንፋሎቱ መውጫ በፍጹም አይዘጋ። ቫልቭም አይገጠምበት። ድስቱ ይፈነዳል።

ጀማሪ ነኝ፦ ስንት ዘይት ይወጣል?

መላሽ፦ ከምን? ከስንት ኪሎ?

ጀማሪ ነኝ፦ ጠጅ ሳር፣ 100 ኪሎ ቢሆን።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። እርጥቡን ከሆነ ከ200 እስከ 500 ግራም አካባቢ ነው። አጭደህ ጥላ ስር አንድ ቀን ብታጠወልገው ውሃው ይቀንስና ድስቱ ብዙ ይይዝልሃል፣ ማገዶም ትቆጥባለህ። ከምረኸው ከሞቀ ግን ይበላሻል።

የናና ማሳ፦ ጋሼ እኔ በደንብ እያፈላሁ ዘይቱ ትንሽ ነው የሚወጣው፣ ከቱቦው ጫፍ ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ግቢው በሙሉ ናና ናና ይላል፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ እሱ ጭስ አይደለም፣ ዘይትህ ነው እየሄደ ያለው! ይሄን ስል ሰው አይሰማኝም። ሁሉም ገንዘቡን ድስቱ ላይ ይጨርስና ኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) ላይ ሲደርስ አጭር ቱቦ ባልዲ ውስጥ ነክሮ በቃ ይላል። ዘይቱ ለብቻው ቢሆን ከ150 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም፣ ከውሃ እንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ከ100 በታች ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ከወጡ ደግሞ ተያይዘው መቀዝቀዝ አለባቸው፣ ካልቀዘቀዙ አየር ላይ ቀሩ ማለት ነው። የሚንጠባጠበው ለብ ያለ መሆን አለበት፣ ቴርሞሜትር ካለህ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ። ለአንድ ሊትር ጠብታ (ውሃውና ዘይቱ አብሮ) ወደ 20 ሊትር ማቀዝቀዣ ውሃ አስብ፣ ያውም ውሃው ገብቶ እስኪወጣ በ30 ዲግሪ ከሞቀ ነው። ቀዝቃዛው ከታች ይግባ፣ የሞቀው ከላይ ይፍሰስ፣ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚሰራው። የሞቀውን አትድፋው፣ ለሚቀጥለው ዙር ድስቱ ውስጥ ጨምረው። ቱቦው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተዳፋት ይሁን፣ መሃል ላይ ከረገበ ውሃ ይቋጥርና እንፋሎቱን ያፍነዋል። ይሄ ሁሉ ካልሆነልህ እሳቱን ቀንስ። ሌላ ዘዴ የለም።

ብረታብረት፦ ቱቦውን መዳብ ቢያደርገው እኮ ግማሹ ችግር ይፈታል። ስቴንለስ እንደ መዳብ ሙቀት አያስተላልፍም።

የናና ማሳ፦ መዳብ ዘይቱን አረንጓዴ ያደርገዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ብረታብረት፦ ካላጸዳኸው ነዋ! የአያቶች እቃ ሁሉ መዳብ አልነበር?

የናና ማሳ፦ አያቶች ዘይቱን ላቦራቶሪ አላስመረመሩም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም በቃ። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ይበልጣል፣ ስቴንለስ ደግሞ ለጽዳት ይመቻል፣ ማቀዝቀዣ ውሃው ካነሰ የትኛውም አያድንህም። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን አይሆንም። የፕላስቲክ ቱቦም አይሆንም፣ ዘይቱ ያሟሟዋል።

አዲስ ገበሬ፦ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ይግባ ወይስ ከላይ?

መላሽ፦ ከላይ፣ የተበሳሳ ብረት ላይ። ውሃው ውስጥ ከሆነ ከታች ያለው ቅጠል ያርርና ዘይቱ ያረረ ያረረ ይሸታል። ስትሞላው እኩል ጠቅጥቀው፣ አንድ ቦታ ክፍተት ካገኘ እንፋሎቱ በዛች ብቻ ይወጣና ሌላው ቅጠል እንዳለ ይቀራል። ስትጨርስ ገልብጠህ እየው፣ መሃሉ በስሎ ዳሩ አረንጓዴ ከሆነ አጠቃቀጥህ ነው ችግሩ።

ሰላም ለሁሉም፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ስንት ዘይት ይወጣል?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገበሬ፦ መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ ባደርግ ግፊት ጨምሮ ቶሎ አይወጣም?

መላሽ፦ ምን ብዬ ነው የጀመርኩት? አይዘጋም! ክዳኑን ራሱ በሊጥ ማሸግ ይሻላል፣ ግፊት ከመጣ መጀመሪያ ሊጡ ይለቃል።

ጽጌ፦ ከጽጌረዳስ?

መላሽ፦ ለ1 ኪሎ ዘይት ከ3,000 ኪሎ በላይ አበባ አለሽ? ከሌለሽ ተይው።

ሰላም ለሁሉም፦ የባህር ዛፉን ለጉንፋን ጠብ አድርጎ መጠጣት ይቻላል?

መላሽ፦ አይጠጣም። ጥቂቱ እንኳ ህጻን ይመርዛል። ሌላውን ሐኪም ጠይቅ።

ጀማሪ ነኝ፦ ስንት ሰዓት ይፍላ?

መላሽ፦ ጠጅ ሳር ጠብታው ከጀመረ 2 ሰዓት አካባቢ። አብዛኛው መጀመሪያ ላይ ነው የሚወጣው፣ በየ20 ደቂቃው የተጨመረውን ዘይት እየው፣ ጭማሪው ለማገዶው ካላዋጣህ አቁም። ዘይቱ የሚጠራቀምበት እቃ ከእሳቱ ይራቅ፣ ይቀጣጠላል።

የናና ማሳ፦ የኔ ዘይት ደመና ደመና ይመስላል፣ ተበላሽቶ ነው?

መላሽ፦ ውሃ ቀርቶበት ነው። አሳድረው፣ ሲጠል ላዩን ቀስ ብለህ ቅዳው፣ ደረቅ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞልተህ ብርሃንና ሙቀት የሌለበት አስቀምጠው። ግማሽ ጠርሙስ አታስቀምጥ፣ ውስጡ ያለው አየር ያበላሸዋል።